የላኪው ዕዳ

ከመርከብ ተነሥቶ ከአድማስ ወዲያ የሚሄድ አብራሪ መመለሻውን እንደ ተወው አያገኘውም። የምድር አየር ማረፊያ ካለበት አይነቃነቅም፤ መርከብ ግን ትጓዛለች፣ አቅጣጫ ትለውጣለች፣ ጠላት ከደረሰባትም ትሰጥማለች። የባሕር ኃይል አቪዬሽንን ከሌላው የጦር ሙያ የሚለየው ይህ ነው፤ በሙያው ላይ የሚነሣው ትልቁ የሥነ ምግባር ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል። ሰውን ወደ ሞት አፋፍ የሚልክ አዛዥ ለተላከው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ጦርነት ነውና የመጣው ይምጣ ማለት ይበቃዋል ወይስ መመለሻውን የማሰናዳት ግዴታ አለበት? ጥቂቶችን ለመመለስ ብዙዎችን ለአደጋ ማጋለጥ የግድ ሲሆንስ?

ጥያቄው ከአውሮፕላን እጅግ ይቀድማል። መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ስለ ዳዊት ሁለት ታሪኮችን ይዟል። በአንደኛው ንጉሡ የኬጢያዊውን የኦርዮን ሞት የሚያዝ ደብዳቤ በራሱ በኦርዮ እጅ ወደ ጦር አዛዡ ወደ ኢዮአብ ይልካል፤ ትእዛዙም ኦርዮ ውጊያው በጸናበት ግንባር እንዲቆምና ሌሎቹ ከኋላው ሸሽተው ብቻውን እንዲተዉት ነው። በሁለተኛው ሦስት ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ጥሰው ከቤተ ልሔም ጉድጓድ ውሃ ቀድተው ያመጡለታል፤ እርሱ ግን ነፍሳቸውን የሰጡበትን ውሃ አልጠጣም ብሎ ለእግዚአብሔር ያፈሰዋል። ሁለቱን አጎራብቶ ላነበበ ሰው የበደሉ ቦታ ግልጽ ይሆናል። ንጉሡ ከሚስቱ ጋር ከፈጸመው ዝሙት በላይ በኦርዮ ላይ የተሠራው ግፍ ወደ አደጋ መላኩ አይደለም፤ ሦስቱ ኃያላንም ሊሞቱ ይችሉ ነበር። ግፉ መመለሻው ታስቦና ተመክሮበት መቆረጡ ነው። የቤተ ልሔሙ ውሃ ደግሞ ሰዎቹ በፈቃዳቸው ቢሄዱም፣ በሰላም ቢመለሱም እንኳ ከላኪው ጫንቃ ላይ የማይወርድ ነገር እንዳለ ያሳያል።

የባሕር ኃይል አቪዬሽን ታሪክ የጀመረው ከመነሣት ነው፤ ማረፍ በኋላ መጣ። አሜሪካዊው ዩጂን ኤሊ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1910 በርሚንግሃም ከተባለችው መርከብ ላይ ሲነሣ አውሮፕላኑ ወደ ታች ወርዶ ውሃውን ከነካ በኋላ ነበር ቀና ብሎ የብስ የደረሰው። መርከብ ላይ ለማረፍ ሁለት ወር ተጨማሪ ዝግጅት ጠየቀ። ጃንዋሪ 18 ቀን 1911 በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ በቆመችው ፔንሲልቬንያ ላይ ጊዜያዊ የእንጨት ወለል ተነጠፈ፤ በላዩም በሁለቱም ጫፍ የአሸዋ ከረጢት የታሰረባቸው 22 ገመዶች ተዘረጉ። ከአውሮፕላኑ ሥር የተገጠሙት ሜንጦዎች ገመዶቹን እየያዙ አቆሙት። ኤሊ ዋና አይችልም ነበርና በደረቱ ላይ በአየር የተነፋ የብስክሌት ከመነዳሪ አጣፍቶ ነበር። እስከ ዛሬ በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ላይ የሚሠራበት የገመድና የሜንጦ ዘዴ ያን ቀን ታየ።

በምትጓዝ መርከብ ላይ ማረፍ ግን ሌላ ፈተና ነበር። እንግሊዛዊው ኤድዊን ደኒንግ ኦገስት 2 ቀን 1917 ፊዩሪየስ በተባለችው መርከብ ላይ ሲያርፍ፣ ጓደኞቹ በወለሉ ላይ እየሮጡ አውሮፕላኑን ከክንፉ በተንጠለጠሉ ማሰሪያዎች ጨብጠው ወደ ታች ሳቡት። ከአምስት ቀን በኋላ ሲደግመው አውሮፕላኑ ከመርከቧ ጠርዝ ተንሸራቶ ባሕር ገባና ሞተ። በማግስቱ ዓመት ጁላይ 19 ቀን ከዚህችው መርከብ ሰባት አውሮፕላኖች ተነሥተው በቶንደርን የነበሩ ሁለት የጀርመን አየር መርከቦችን አቃጠሉ። ከሰባቱ ወደ መርከቧ የተመለሰ የለም። መርከቧ ላይ በደህና ማረፍ ስለማይቻል ሁለቱ ከመርከቦቹ አጠገብ ውሃ ላይ ወርደው ተለቀሙ፤ ሦስቱ ገለልተኛ ወደ ነበረችው ዴንማርክ ሄዱ፤ አንዱ ዒላማው ሳይደርስ ሞተሩ ተበላሽቶ ወረደ፤ አንዱ ሰጥሞ ሞተ። መሳሪያው ሊልክ ይችላል፤ ሊመልስ ገና አልቻለም። ወለሏ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ የሆነችው አርገስ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ያን ዓመት መጠናቀቋ ለዚህ መልስ ነበር።

ቴክኒኩ ባልደረሰበት ጊዜ ሰዎቹ ራሳቸው ደርሰዋል። ኖቬምበር 19 ቀን 1915 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አብራሪዎች ፌሪጂክ የተባለውን የባቡር መገናኛ ሲደበድቡ የጋይ ስማይሊ አውሮፕላን ተመትቶ ረግረግ ላይ ወረደ። ስማይሊ ጠላት እንዳይጠቀምበት አውሮፕላኑን በእሳት ለኮሰ። በዚህ ጊዜ የበላይ አዛዡ ሪቻርድ ቤል ዴቪስ ሊያነሣው ቁልቁል ሲመጣ አየ። በሚነደው አውሮፕላን ላይ ያልፈነዳ ቦምብ ቀርቶ ነበር። ዴቪስ አጠገቡ ሲያርፍ ቦምቡ እንዳይፈነዳበት ስማይሊ በሽጉጡ ተኩሶ አስቀድሞ አፈነዳው። የቡልጋሪያ ወታደሮች እየቀረቡ ሳለ ዴቪስ አረፈ፤ አውሮፕላኑ ለአንድ ሰው ብቻ የተዘጋጀ ስለነበር ስማይሊ በተሸፈነው የፊት ክፍል ውስጥ ተጣጥፎ ገባ፤ ሁለቱም ተመለሱ። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ሊያድን የመጣውን ሰው ቀድሞ ያዳነው ሊድን የሚጠባበቀው ነው። ዕዳው በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ ስማይሊም ለላኪው አስቦለታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ለተራ የንግድ መርከቦች በሮኬት የሚያስፈነጥር መሳሪያ ገጠሙላቸው። ከመርከቡ ላይ አንድ ሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላን ይወነጨፋል፤ ማረፊያ ግን የለውም። አብራሪው የጀርመንን ቦምብ ጣይ ካባረረ በኋላ በፓራሹት ዘልሎ ወይም ውሃ ላይ ወርዶ መርከብ እስኪያነሣው ይጠብቃል። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ከኦርዮ ደብዳቤ የማይለይ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፦ እንደማይመለስ አስቀድሞ የተቆጠረው አውሮፕላኑ እንጂ ሰውየው አይደለም። በውጊያ ከተወነጨፉት ጥቂት አብራሪዎች የሞተው አንድ ብቻ ነው። የሰሜን አትላንቲክ ውሃ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ያደነዝዛል፤ ሆኖም የሚለቅመው መርከብ በዕቅዱ ውስጥ ነበረ።

የሚድዌይ የባሕር ውጊያ ከዚህ የከበደ ነው። ጁን 4 ቀን 1942 ሆርኔት ከተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ የተነሣው 8ኛው የቶርፔዶ ጓድ 15 ዘገምተኛ አውሮፕላኖችን ይዞ ያለ ተዋጊ አጀብ ወደ ጃፓን መርከቦች ገባ። 15ቱም ተመትተው ወደቁ። ከ30 ሰዎች በሕይወት የቀረው ጆርጅ ጌይ ብቻ ሲሆን፣ ባሕር ላይ እየተንሳፈፈ ቆይቶ በማግስቱ በአሜሪካ የባሕር አውሮፕላን ተነሣ። ያን ጠዋት ከሌሎቹ መርከቦች የመጡ ቦምብ ጣዮች ሦስት የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚዎችን አነደዱ፤ አራተኛዋ ሂርዩ ከሰዓት በኋላ ተመታች።

ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን ስለ ራስ መከላከል ሲጽፍ አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችል፣ የሚታሰበውና የማይታሰበው ውጤት በሥነ ምግባር እኩል እንደማይመዘኑ አስረድቷል። በዚህ ሚዛን 8ኛው ጓድ ኦርዮ አይደለም። ሞታቸውን ያቀደ ሰው አልነበረም። ሆኖም ይህ መርህ ቸልተኝነትን ማጠቢያ ውሃ መሆን የለበትም። አውሮፕላኖቹ ጊዜ ያለፈባቸው መሆናቸው፣ የተሸከሙት ቶርፔዶም በብልሽቱ የታወቀ መሆኑ ከውጊያው በፊት የተሰወረ አልነበረም። ሞትን ሳያስብ ለሞት የሚያጋልጥ መሳሪያ አስታጥቆ የሚልክ መንግሥት ከኦርዮ ገዳይ ቢያንስም ንጹሕ አይባልም።

ጥያቄው ራቁቱን የቆመው ጁን 20 ቀን 1944 ማታ በፊሊፒንስ ባሕር ላይ ነው። አሜሪካዊው አድሚራል ማርክ ሚቸር 15 አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን ይመራ ነበር። የጃፓን መርከቦች የተገኙት ቀኑ ሊመሽ ሲል፣ እዚያ ደርሶ ለመመለስ ነዳጅ በሚያጠራጥርበት ርቀት ላይ ነበር። ከ200 በላይ አውሮፕላኖች ከተነሡ በኋላ ደግሞ ጠላት ቀድሞ ከተነገረው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደሚገኝ ታወቀ። ሚቸር ሁለተኛውን ዙር ሰረዘ፤ የሄዱትን ግን አልመለሳቸውም። አብራሪዎቹ ወደ ኋላ ሲዞሩ ጨረቃ የሌለበት ጨለማ ወርዶ ነበር፤ ብዙዎቹ በሌሊት መርከብ ላይ የማረፍ ልምምድ አልነበራቸውም። መርከቦቹም እንደ ጦር ደንብ መብራት አጥፍተው በጨለማ ይጓዙ ነበር፤ መብራት ያበራ መርከብ ለጠላት ሰርጓጅ ቀላል ዒላማ ነውና።

ሚቸር መብራት አብሩ አለ። ባውዛዎች ወደ ሰማይ ቀጥ ብለው ተተከሉ፤ የወለል መብራቶች በሩ፤ አጃቢ መርከቦች ብርሃን ሰጪ ጥይት ወደ ላይ ተኮሱ። አብራሪዎቹ የየራሳቸውን መርከብ መፈለጉን ትተው ያገኙት ላይ ሁሉ እንዲያርፉ ተፈቀደላቸው። ከ80 የማያንሱ አውሮፕላኖች ነዳጅ ጨርሰው ባሕር ላይ ወረዱ ወይም ሲያርፉ ተሰባበሩ። ውሃ ላይ የወረዱት የእጅ ባትሪያቸውን እያበሩ፣ ፊሽካ እየነፉ መርከብ ይጣሩ ነበር። በዚያች ሌሊትና በተከታዮቹ ቀናት ከወደቁት ሰዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ተለቅመው ዳኑ።

ቁጥር ብቻ የሚያሰላ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። በአንድ ወገን ጥቂት መቶ አብራሪዎች አሉ፤ በሌላው ወገን በ15 ተሸካሚዎችና በአጃቢዎቻቸው ላይ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ መርከበኞች። አንድ ሰርጓጅ አንዲት ተሸካሚ ብታሰጥም የሚያልቀው ሰው ከሚድነው ሊበልጥ ይችላል። ለብዙኃኑ ጥቅም የሚቆረቆረው ፈላስፋ፣ የሠለጠነ አብራሪ በቀላሉ አይተካም ብሎ ሂሳቡን ሊያስተካክል ይሞክራል። ይህም እውነት ነው፤ ግን ሰውየው የሚዳነው መልሶ ለመላክ ብቻ ከሆነ፣ ፈላስፋው ካንት እንደሚለው ሰው ለሌላ ዓላማ መሳሪያ ብቻ ተደርጎ ታየ ማለት ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ቶሬክ በ1977 ባሳተመው ጽሑፉ የሰው ሕይወት ተደምሮ የሚመዘን ስላልሆነ ቁጥር በራሱ ፍርድ እንደማይሰጥ ተከራክሯል። በሉቃስ ወንጌል 99ኙን በምድረ በዳ ትቶ አንዱን በግ ፍለጋ የሚሄደው እረኛም በሂሳብ የሚመራ አይደለም።

ለሚቸር ውሳኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርብ ምክንያት አለ። መብራቱ ችሮታ አልነበረም። ርቀቱን እያወቀ አልመለሳችሁም ያለው እርሱ ነው፤ ስለዚህ ጨለማው የእነርሱ ብቻ ሳይሆን የእርሱም ነበር። የመርከቦቹ ሰዎች በአብራሪዎቹ ጥቃት ተጠቃሚ ሆነው ሳለ የመመለሱ አደጋ ሲመጣ ገለልተኛ ሊሆኑ አይችሉም። ዕዳው የተጻፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን ከወለሉ ሲነሣ ነው፤ ማታ ላይ የተደረገው መክፈል ብቻ ነው። ሚቸር ራሱ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች አንዱ መሆኑ ውሳኔውን ሳያቀልለት አልቀረም።

ከአራት ወር በኋላ ከዚያ ባሕር ብዙም ሳይርቅ ተቃራኒው ተደረገ። ጃፓን ሠልጥነው የተዋጣላቸውን አብራሪዎቿን በአብዛኛው ጨርሳ ነበር፤ መርከብ ላይ ማረፍን ማስተማር ደግሞ ረጅም ጊዜና ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል። በኦክቶበር 1944 ምክትል አድሚራል ኦኒሺ ታኪጂሮ በፊሊፒንስ ማባላካት በተባለው ሥፍራ አብራሪዎች ከነቦምባቸው መርከብ ላይ የሚከሰከሱበትን ልዩ ጓድ አቋቋመ። ኦክቶበር 25 ቀን ሴንት ሎ የተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ በዚህ ዓይነት ጥቃት ሰጠመች። ቀጥሎ ኦካ የተባለ በሮኬት የሚገፋ በራሪ ቦምብ ተሠራ፤ ለሰው መቀመጫ አለው፣ ማረፊያ ጎማ የለውም። ጦርነቱ እስኪያበቃ 4,000 ገደማ ጃፓናውያን በዚህ መንገድ ሞቱ፤ ከ7,000 በላይ የተቃራኒው ወገን ሰዎችንም ገደሉ።

እነዚህን ወጣቶች እብድ ወይም ጨካኝ ብሎ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲ የተወሰዱ፣ ለወላጆቻቸው ልብ የሚሰብር ደብዳቤ ጽፈው የሄዱ ልጆች ነበሩ። ቅዱስ አውግስጢኖስ ራስን መግደልን ሲያወግዝ ከጠላቶቹ ጋር አብሮ የሞተውን የሶምሶንን ነገር ለማስረዳት የእግዚአብሔርን ስውር ትእዛዝ መጥራት ግድ ሆኖበታል፤ ጉዳዩ ለእርሱም ቀላል አልነበረም። ስለ ወዳጁ ነፍሱን የሚሰጥን ሰው ሃይማኖት ሁሉ ያከብራል። ነገር ግን የሚሰጥ ሰው ሌላ፣ የሚያሰጥ ሌላ ነው። አለቃ በተሰበሰቡ ጓደኞቹ ፊት ማን ፈቃደኛ ነው ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ማለት የሚችል የ20 ዓመት ወጣት ጥቂት ነው። ሞቱ የውጊያው አደጋ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ዘዴው ሆነ፤ የኦርዮም ደብዳቤ የመንግሥት ደንብ ሆነ። ኦኒሺ ኦገስት 16 ቀን 1945 ራሱን ሲገድል በተወው ጽሑፍ ለሞቱት አብራሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው ይቅርታ ጠይቋል። ሌላው አዛዥ አድሚራል ኡጋኪ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ መስጠቱን በራዲዮ ካወጀ በኋላ ሌሎች አብራሪዎችን አስከትሎ ለመጨረሻ ጊዜ ተነሣ። የላኪ ሞት የተላኩትን አይመልስም፤ የኡጋኪ ደግሞ ዕዳውን አበዛው።

ማዳን ሳይሳካ ሲቀር ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ጄሲ ብራውን በአሜሪካ ባሕር ኃይል የአብራሪነት ሥልጠና ያጠናቀቀ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ዲሴምበር 4 ቀን 1950 ሌይት ከተባለችው መርከብ ተነሥቶ በሰሜን ኮሪያ ቾሲን ሐይቅ አካባቢ ሲበር አውሮፕላኑ ተመትቶ በረዶ በሸፈነው ተራራ ላይ ወደቀ። እግሩ በተጨማደደው ብረት ተያዘ፤ ከሞተሩም ጭስ ይወጣ ጀመር። የበረራ ጓዱ ቶማስ ሀድነር ከላይ ሲዞር ይህን አይቶ የራሱን ደህና አውሮፕላን ጎማ ሳያወርድ ሆን ብሎ አጠገቡ ከሰከሰው። በእጁ በረዶ እየዛቀ ሞተሩ ላይ ጠቀጠቀ፤ መጥረቢያና እሳት ማጥፊያ ያለው ሄሊኮፕተር እንዲመጣ በራዲዮ ጠየቀ። ሄሊኮፕተሩ መጣ፤ መጥረቢያው ግን ብረቱን ሊቆርጠው አልቻለም። ብራውን ለሚስቱ መልእክት አደራ ብሎ ራሱን ሳተ። ሲመሽ ሄሊኮፕተሩ በጨለማ ተራራውን መሻገር ስለማይችል ሀድነር ጓደኛውን ትቶት ሄደ። ከቀናት በኋላ ጓዶቹ አስከሬኑ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ሥፍራውን በናፓልም አቃጠሉት።

በውጤት ቢለካ የሀድነር ድርጊት ኪሳራ ነው፦ አንድ አውሮፕላን ጠፋ፣ ሰውየውም አልዳነ። ሆኖም ድርጊቱን ያየ ሁሉ ትክክል ነበር ከማለት አልተመለሰም፤ የአገሩም መንግሥት ከፍተኛውን ሜዳልያ ሰጠው። ይህ ፍርድ የተዛባ አይደለም። ለወደቀው ሰው የሚገባው መዳን ብቻ ቢሆን ኖሮ ብራውን ምንም ባላገኘ ነበር። እርሱ ግን ራሱን እስኪስት ድረስ ብቻውን አልነበረም። በነጮችና በጥቁሮች መካከል በሕግ የተደገፈ አድልዎ በነበረበት አገር ይህ መሆኑ ክብደቱን ይጨምረዋል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ወገን ነው፤ የባሕር ሕግ ግን ለሰጠመ ጠላትም ያስባል። በቀድሞው የባሕር ውጊያ አሸናፊው መርከብ ጀልባ አውርዶ የተሸናፊውን ሰዎች ማንሣት ይችል ነበር። በሜይ 1942 በኮራል ባሕር የተዋጉት መርከቦች ግን አንዱ ሌላውን ሳያዩ ተለያዩ፤ የሚመታው አውሮፕላን ምርኮኛ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ብዙዎች የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ሚድዌይ ላይ ጃፓኖች ከባሕር ያወጧቸውን ሦስት አሜሪካውያን የአውሮፕላን ባልደረቦች ገድለዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ቃኚ አውሮፕላን የሂርዩን 35 የሞተር ክፍል ሠራተኞች በጀልባ ሲንሳፈፉ አግኝቶ መርከብ አስልኮ አስነሥቷቸዋል። አውሮፕላን ማንሣት ባይችልም ማየት ይችላል፤ ያየም መናገር ይችላል።

በጁላይ 1945 መጨረሻ የሰጠመችው የአሜሪካ መርከብ የኢንዲያናፖሊስ መርከበኞችም ለአራት ቀን ያህል በሻርክ መካከል ተንሳፍፈው የተገኙት በባሕር ኃይል አውሮፕላን ነው። አብራሪው ኤድሪያን ማርክስ በሰፊው ባሕር ላይ ማረፍን የሚከለክለውን ትእዛዝ ጥሶ የባሕር አውሮፕላኑን በማዕበል ላይ አሳረፈ፤ በጠቅላላው 56 ሰዎችን አነሣ፤ ሆዱ ሲሞላ የቀሩትን በክንፎቹ ላይ በፓራሹት ገመድ አሰራቸው። አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ መብረር አልቻለም።

ከጦርነቱ በኋላ ቴክኒኩ መመለስን እያቀለለ ሄደ። በቀጥተኛው ወለል ላይ ገመዱን የሳተ አውሮፕላን ፊት ለፊት የቆሙትን አውሮፕላኖችና ሰዎች ከመምታት የሚያግደው መረብ ብቻ ነበር። በ1951 እንግሊዛዊው ዴኒስ ካምቤል የማረፊያው መስመር ወደ ጎን ያዘነበለ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ በ1953 አንቲታም በተባለችው የአሜሪካ መርከብ ላይ ተሞከረ። ከዚያ ወዲህ ገመዱን የሳተ አብራሪ ሞተሩን ሰጥቶ እንደገና ይነሣል፤ ዞሮም ይሞክራል። ሰው አድን ሄሊኮፕተርም በእያንዳንዱ መነሣትና ማረፍ ጊዜ በአቅራቢያ መጠበቁ ደንብ ሆነ።

ጁላይ 10 ቀን 2013 ሰው አልባው አውሮፕላን ኤክስ-47ቢ በጆርጅ ቡሽ ተሸካሚ መርከብ ላይ አርፎ ገመዱን ያዘ። የሚመለሰው ዕቃ እንጂ ሰው ስላልሆነ ላኪው ለተላከው የሚከፍለው ዕዳ ቀርቷል። ለሌላው ወገን ሰዎች ያለበት ዕዳ ግን አልቀነሰም። የ1949ኙ ሁለተኛው የጄኔቫ ስምምነት ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ተዋጊዎች ሳይዘገዩ የሚቻለውን ሁሉ አድርገው መርከብ የሰጠመባቸውንና የቆሰሉትን እንዲፈልጉና እንዲሰበስቡ ያዛል። ሰው አልባ አውሮፕላን ከቀድሞው አብራሪ ይበልጥ ረጅም ጊዜ በሥፍራው መቆየትና ውሃ ላይ ያለውን ሰው ማየት ስለሚችል፣ አላየሁም የሚለው ምክንያት ለላኪው እየጠበበበት ሄዷል።